በከሰል የሚሄደው ካሚዮን

ሰኞ፣ ጥር

ዛሬም አልተነሣም። ዘጠኝ ጊዜ ሞከርን፣ ዘጠኝ ጊዜ ጠፋ። ቤንዚን ካለቀ ወዲህ ጣሊያኖቹ ካሚዮኑን በከሰል አስኪዱት ብለውናል። ከኋላው በርሜል የሚያህል ምድጃ አለው፤ ከሰሉ ታፍኖ ሲነድ ጋዙን ሞተሩ ይስበዋል። የሚስቴ ወንድም አስረስ የሞተሩን እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ሲጠርግ ውሎ እጁ ቆስሏል።

ሽማግሌው ጣሊያን መካኒክ ያስተማረን፦ የከሰል ጋዝ ቀስ ብሎ ስለሚነድ የካንዴላው እሳት ቀደም ይበል። በር ሳይከፈት ምድጃ አይቀጣጠልም። ራሳችሁን ካመማችሁ ወደ ውጭ ሩጡ።

የቡሬ ሰው ባንዳ ይለናል። ምን ብዬ ልከራከር?

ማክሰኞ

ከኮረብታው ተኩስ መጣ። አርበኞቹ ቀርበዋል። የጣሊያኖቹ አዛዥ የጋራዡ በር ተዘግቶ ይዋል አለ። ሽማግሌው ተከራከረ፣ ተሰደበ፤ በሩ ተዘጋ።

አንድ ደግ ነገር፦ የጋዙ ቧንቧ ጫፍ ላይ ክብሪት ስንጭር ሰማያዊ ነበልባል ጸንቶ ቆመ። ጋዙ ደኅና ነው ማለት ነው። አስረስ እንደ ልጅ ዘለለ።

ረቡዕ

ሞተሩ ዞረ! የአየሩን መግቢያ ጠበብ ሳደርገው ድምፁ ተስተካከለ።

አስረስ ግን ራሱን አመመው፤ አስመለሰው። ፊቱ ቀላ። «ምች ነው የመታኝ» አለኝ። ምች የመታው ሰው ንፋስ አይነካውም። ዳማከሴ ጨምቄ አጠጣሁት፣ ጋቢዬን አከናነብኩት፣ እንዲሞቀው ከምድጃው አጠገብ አስተኛሁት። በበሩ ስንጥቅ ብርድ ስለሚገባ ጆንያ ወተፍኩበት።

ይህን የምጽፈው ደጅ ፀሐይ ላይ ሆኜ ነው። ደኅና እንቅልፍ ወስዶታል።

ሐሙስ

አልነቃም። ትናንት ሽማግሌው በሩን በእግሩ በርግዶ ጎትቶ አወጣው። ጆንያውን አንሥቶ እግሬ ሥር ጣለው። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ሕጉን እኮ አውቀው ነበር! ራስ ምታት ሲለኝ ወዲያው ማስወጣት ነበረብኝ። ምች የሚለውን ቃል ስሰማ ግን ሕጉ ከራሴ ጠፋ።

ዓርብ

እቤት አመጣነው። ይተነፍሳል፣ ሌላ የለም። ደጅ ከዛፉ ሥር አስተኛሁት። አማቴ ጮኹብኝ፦ «ምች የመታውን ልጅ ንፋስ ላይ አስጥተህ ልትገድልብኝ ነው እንዴ?»

«እማማ፣ ንፋሱን ተዉለት። የጎዳው የከሰሉ ጋዝ ነው።»

«እና ማን እዚያ አስተኛው?»

ውኃ ላመጣ ብዬ ተነሣሁ። ፈሪ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ከተራ

ካሚዮኑ ጥይት ጭኖ በደጃችን አለፈ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም። አንድም ጊዜ አላንገራገረም። ጥሩ አድርጌ ሠርቼዋለሁ፤ የወገኖቼን መግደያ።

ለአማቴ የጆንያውን ነገር ነገርኳቸው። ተነሥተው ከልጃቸው ደረት ላይ ጋቢውን ራሳቸው ገለጡት።

እሑድ፣ ጥምቀት

ታቦቱ ሲመለስ እልልታው እኛ ድረስ ተሰማ። አስረስ ዐይኑን ገለጠ። አማቴ በጉልበታቸው ወደቁ። ስሙን ጠራሁት፤ አየኝ፣ ያወቀኝ ግን አይመስለኝም።

«በሩን ዝጋው» አለ፤ «ንፋስ ገባ።»

አማቴ «ተናገረ! ልጄ ተናገረ!» ብለው እልል አሉ። እኔ ዞር ብዬ አየሁ። ያለነው ደጅ፣ ከዛፉ ሥር ነው፤ የሚዘጋ በር የለም።