ወ/ሮ የብርጓል ወልደ ዮሐንስ፦ ለቅሶ ያልደረሱባቸው ሰባት ዓመታት

ወ/ሮ የብርጓል ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ዮሐንስ መርስዔ ኀዘንና ከእናታቸው ከወ/ሮ ባንቺአየሁ ዳኘው በ1928 ዓ.ም. ጣና ሐይቅ ውስጥ ባለችው በደቅ ደሴት ተወለዱ። በልጅነታቸው ትምህርት ቤት ስላልነበረ ፊደል የቆጠሩት አምስት ልጆች ከወለዱ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በ1945 ዓ.ም. ከአቶ አካሉ ቢያዝን ጋር ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ሲያገኙ ወደ ባሕር ዳር መጥተው ከአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጥር ሥር ቤት ሠሩ።

በ1972 ዓ.ም. ለትምህርት ቤቱ ወላጅ ኮሚቴ ተመረጡ። ደመወዝም አበልም የለውም። ሦስት ቀን የቀረ ተማሪ ሲኖር ስሙን ከመምህሩ ይቀበሉና ዓባይ ማዶም ይሁን ከከተማው ውጭ ሰባታሚት፣ ቤቱ ድረስ በእግራቸው ይሄዳሉ። ልብስ አጥታ የቀረችውን የራሳቸውን ልጅ ቀሚስ አልብሰው፣ ለአጨዳ የቀረውን አባቱን ለምነው ይመልሳሉ። አባት እምቢ ካለ ከግቢው አይነሡም፤ ምሳም እዚያው ይበላሉ። በ1974 ዓ.ም. ብቻ ሠላሳ አንድ ልጆች ወደ ክፍላቸው ተመልሰዋል።

በ1976 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ሲጀመር በዕድሜ ከፍ ያሉት ተማሪዎች ከክፍል ጠፉ። የቀበሌው ኃላፊ ወ/ሮ የብርጓልን አስጠርተው፣ የተማሪውን ቤት ሁሉ የሚያውቁት እርስዎ ነዎትና ይምሩን አሏቸው። ያ ሁሉ የተመላለሱበት በጎ ሥራ ወጥመድ ሆነባቸው። እምቢ ቢሉ ፀረ አብዮት ይባላሉ፤ ኮሚቴውን ቢለቁ ደግሞ ቤቱን የሚያሳይ ሰው በምትካቸው ይገባል። «እግሬ እምቢ ብሎኛል፤ የማንንም ደጅ ረስቸዋለሁ» ብለው በምርኩዝ እያነከሱ ወጡ። እግራቸው ግን ደኅና ነበር።

ከዚያ ወዲያ ከቤታቸው እስከ ትምህርት ቤቱ በር ካለችው መንገድ አልፈው ቢታዩ ውሸቱ ይወጣል፣ ልጆቹም ይታፈሳሉ። ሰባት ዓመት በዚያች መንገድ ታሰሩ። ትምህርት ቤት ውለው የተቀደደ የተማሪ ልብስ ይጥፋሉ፣ ትንንሾቹን ይጠብቃሉ፤ ቤተ ክርስቲያን መሳም እንኳ ቀረባቸው። ጎረቤት ሲሞት አልደረሱም። የዕድሩ ሰዎች «ለትምህርት ቤቱ እግር አላት፤ ለሐዘናችን የላትም» እያሉ አሟቸው። እውነቱን የሚያውቁት ባለቤታቸው ብቻ ነበሩ፤ ለማንም አላወጡም። አንዳንዶቹ ልጆች በሌላ መንገድ ታፍሰዋል፤ በእሳቸው ጥቆማ የተያዘ ግን አንድም የለም።

በ1979 ዓ.ም. እህታቸው ወ/ሮ የሺመቤት ደቅ ላይ ዐረፉ። ተደግፈው ጀልባ ቢሳፈሩ፣ ቀበሌው በማግሥቱ መኪና ላይ አሳፍሮ ቤቱን ያሳዩን እያለ በየመንደሩ ሊያዞራቸው ነው። ቀሩ። ይህን የጻፍሁት የወ/ሮ የሺመቤት ልጅ ፅጌ ማርያም ነኝ። ጀልባ በመጣ ቁጥር ወደ ዳር እየወረድሁ ጠብቄያቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት አላናገርኋቸውም።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ከከተማዋ ሲወጣ ወ/ሮ የብርጓል ቀጥ ብለው መሄድ ጀመሩ። ያልደረሱበት ለቅሶ ሃያ ስድስት ቤት ነበር። መጀመሪያ የመጡት እኔ ዘንድ ነው። ደጄ ላይ ቆመው እናቴን በስሟ እየጠሩ አለቀሱ፤ እኔ ግን ጥያቸው ወደ ውስጥ ገባሁ። ምክንያቱን የነገሩኝ በልብ ሕመም ከተኙ በኋላ ነው። ያን ዕለት ለምን አልነገሩኝም ብላቸው፣ «ለለቅሶ መጣሁ እንጅ ለምስጋና አልመጣሁም» አሉኝ። ያችን ቀን ባስታወስሁ ቁጥር አፍራለሁ።

ሕክምና ሲከታተሉ ቆይተው መስከረም 18 ቀን 1984 ዓ.ም. በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ አምስት ልጆቻቸውና ዘጠኝ የልጅ ልጆቻቸው በሐዘን ላይ ናቸው። ነፍሳቸውን አምላክ በቅዱሳን ጎን ያኑርልን።

የደረሱት ሰባት ቤት ነው፤ አሥራ ዘጠኙ ቀርቷል። ለቅሶ የቀረባችሁም ቂማችሁን ትታችሁ ዛሬ ልትቀብሯቸው መጥታችኋል። የቀረውን ለቅሶ እኔ እደርስላቸዋለሁ። ደጃችሁን ግን እናንተው ምሩኝ፤ እሳቸው የማንንም ደጅ ለእኔም አልነገሩኝም።