ሦስቱ እንደ አንድ

ጥር 3
እኔ እናገራለሁ፣ ምራቴ ትጽፋለች። እንዳታሳምሪው ብያታለሁ። ድንጋይ ጠራቢዎች ወክለውኝ ሕገ መንግሥት ከሚያረቁት ጋር ተቀምጫለሁ። ዛሬ ስለ ሸንጎ ወንበር ተወራ። አዳራሹ ሞቀኝ፣ አንቀላፋሁ።

ጥር 9
ጭቅጭቅ። ትልልቆቹ አውራጃዎች "ወንበር በሕዝብ ብዛት!" ትንንሾቹ "እኩል!" መጨረሻ ላይ ሸንጎው ሁለት ይሁን ተባለ፤ አንዱ በብዛት፣ አንዱ በእኩል። ይሁን... ይሄስ ደህና።

ጥር 14
በንዴት ጨስኩ! የድንጋይ ካባ ባለቤቶች ተወካይ "ካምፕ ያሉት ሠራተኞቻችን ይቆጠሩ፣ ወንበራችን ይብዛ" አለ። "ይመርጣሉ ወይ?" አልኩት። "እሱማ አይሆንም፣ አባት።" ሌሎቹ "ካልመረጡ አይቆጠሩ" አሉ። ሲጓተቱ ውለው ተስማሙ፦ ሦስት ሠራተኛ እንደ አንድ ሰው ይቆጠር። ድምፅ ግን የላቸውም።
ልጄ እዚያ ካምፕ ነው፣ በዕዳ ተይዞ። የዚች የምትጽፈው ባል። እጇ ቆመ።
"ጻፊ!"
"አባባ፣ የሚቆጥሩለት ሲሶው የቱ ነው? ጭንቅላቱ ነው እግሩ?"
ሳቅን። ከዚያ እርሳሱን መልሳ አነሳች።

ጥር 16
ጠበቃው፣ ከጎኔ የሚቀመጠው፣ "አባት፣ እምቢ ካልን ጉባኤው ይፈርሳል። ደግሞ ይሄ አቆጣጠር ለሃያ ዓመት ብቻ ነው" አለኝ።
ብቻ! ያንተ ልጅ ካምፕ አለ? አልኩት። "የለም።" እንግዲያስ አፍህን ያዝ!
ግን ቢፈርስስ?... እንቅልፍ አጣሁ።

ጥር 19
ይሄንንም ጻፊ፣ አትዝለይው። ሐሙስ ይጸድቃል ቢሉም፣ ቀድሜ ልፈርም ሄድኩ። አዎ፣ እኔ! አውራ ጣቴን ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ ጫኑት። ጥቁር እድፍ ብቻ፤ አንድ መስመር የለውም። አርባ ዓመት ድንጋይ የላገው ጣት ምን መስመር ይተርፈዋል?
ጸሐፊው "ይሄ የማንም ሊሆን ይችላል። ሌላ ሰው ይፈርምልዎት" አለኝ።
ደሜ ፈላ። ልጄን ሌላ ሰው ቆጠረው፣ በእኔም ቦታ ሌላ ሰው ሊፈርም? "ሐሙስ በራሴ እጅ!" ብዬው ወጣሁ።

ጥር 20
"ስምዎን ላስተምርዎት?" አለች ምራቴ።
ስሜን አይደለም። ሌላ ቃል አለኝ።
እርሳስ ከመዶሻ ይከብዳል ለካ።

ጥር 23
ሐሙስ። ጸደቀ። ሁሉም ፈረሙ። ጠበቃው አቀርቅሮ ነው የፈረመው። ተራዬ ሲደርስ በስሜ ትይዩ ጻፍኩ። ጸሐፊው "ይሄ እኮ ስም አይደለም" አለኝ።
"ስሜን እናንተው አትማችሁታል። ይሄ ድምፄ ነው።"
ጉባኤው አልፈረሰም። ልጄም ሲሶ ሆኖ ቀረ። ነገ ካምፕ ሄጄ እራሴ እነግረዋለሁ።
በይ እርሳሱን አምጪ። የዛሬውን በዚያችው ቃል እኔ እጨርሳለሁ።

እምቢ