ደላላው የጨመረልኝ ስምንት ዓመት

የካቲት 4፣ ዓርብ

የዕረፍት ቀኔ። ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር፣ ጓደኛዬ ማዘንጊያ ጋ ዋልኩ። ልብስ ላጥብ ብዬ ተቀመጥኩ፣ በአንድ እጅ። ግራዬ ገና አይነሳም። ካልሲ እንኳ መጭመቅ አቃተኝ። ማዘንጊያ ከእጄ ነጥቃ፣ "ሐኪሙ ጡትሽን እንጂ አመልሽን አልቆረጠልሽም!" አለችኝ። ሳቅኩ። ስስቅ ስፌቱ ይስበኛል።

ከዕጢው ቁራጭ ወደ ካይሮ ከላኩ ሁለት ሳምንት አለፈ። እመቤቴ ሲት ሰልሰቢል ናት በዘመዷ በኩል ያስላከችልኝ። ወሬ የለም። ዕጢው ወጥቷል አይደል? ከወጣ በኋላ ደግሞ ምን ይጠየቃል? ማንም አስረድቶኝ አያውቅም። "ጠብቂ" ብቻ።

የካቲት 8፣ ማክሰኞ

የሆስፒታል ቀጠሮዬ ነበር። ሰልፍ አለ ተብሎ ኩብሪው፣ ድልድዩ፣ በኮንቴይነር ተዘግቷል። ሲት ሰልሰቢል መኪናዋን አዙራ በሌላው ሞከረች፣ እሱም ዝግ። ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆመን ካፉሪ ወደ ቤቷ ተመለስን። ዓባይን ለመሻገር እንዲህ ነው እንግዲህ።

"መዓሌሽ ያ ኻልቲ" አለችኝ። አይዞሽ አክስቴ ማለቷ ነው። እመቤቷ እሷ፣ ሠራተኛዋ እኔ፣ ግን በዕድሜ ትበልጠኛለች ብላ አሥራ አንድ ዓመት እንደዚያ ነው የምትጠራኝ። ከባድ ነገር አታሸክመኝም። ቆሜ ካየችኝ ወንበር ታመጣለች። ደግ ሴት ናት... ደግነቷ ሲበዛ ይጨንቀኛል።

የካቲት 16፣ ረቡዕ

ውጤቱ አልመጣም።

የካቲት 20፣ እሑድ

ዛሬ ተሻገርን። ውጤት የለም፣ ቅጽ ግን አለ። ያንኑ ቅጽ ለሦስተኛ ጊዜ! የበፊቱን የት እየከተቱት ነው? ሲት ሰልሰቢል ኢቃማዬን፣ የሱዳን መኖሪያ ፈቃዴን፣ እያየች ሞላች። ስም፣ አገር፣ ዕድሜ። እኔ እንደ ዕቃ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ዶክተር ሙባረክ ዛሬ ትንሽ ፍንጭ ሰጠን። ካይሮ ዕጢው ውስጥ ሃያ አንድ ጂኖች ያያሉ አለ። የትኛው በርትቶ እየሠራ ነው፣ የትኛው ተኝቷል። ከዚያ ነጥብ ይሰጣሉ። ነጥቡ ከፍ ካለ በሽታው ሊመለስ ይችላል፣ ዝቅ ካለ አያሰጋም። ይህን ያህል ቀላል ከሆነ እስከ ዛሬ ለምን አልነገረኝም?

የወር አበባዬ ቆሞ እንደሆነም ጠየቀ። እኔን አይደለም፣ እሷን። "ኸላስ፣ ቆሟል፣ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ እኮ ነው" አለችው። ጻፈ። እኔ ወለሉን አየሁ።

ለምን ዝም አልኩ? ወንድ ፊት ስለሆነ? እሱ ብቻ ቢሆን...

መጋቢት 6፣ ማክሰኞ

መጣ። ነጥቤ ሃያ ሁለት።

"አልሐምዱሊላህ፣ ኪሞ አያስፈልጋትም" አለ ዶክተሩ። ሲት ሰልሰቢል አቀፈችኝ። ጸጉሬ አይረግፍም። በቀን አንድ ክኒን፣ ለአምስት ዓመት። ክኒኑ የወር አበባ ለቆመባቸው ሴቶች ነው አለ። ከዚያ ወረቀቱን እያጠፈ፣ "ዕድሜዋ ነው የረዳት። ከሃምሳ በታች ብትሆን በዚሁ ነጥብ ኪሞውን እመክር ነበር።"

ይህንንም የነገረው ለእሷ ነው።

እኔ አርባ አራቴ ነው።

እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ጽፌው አላውቅም። አርባ አራት። በአሥራ ስምንቴ ወደ ሱዳን ስወጣ ሀሰን የሚባል ደላላ፣ "ልጅ ነሽ፣ ማን ያሠራሻል" ብሎ ፓስፖርቴ ላይ ስምንት ዓመት ጨመረልኝ። ያኔ ደስ ብሎኝ መርቄዋለሁ! ኢቃማው ከፓስፖርቱ ተቀዳ፣ የሆስፒታሉ ካርድ ከኢቃማው። ሲት ሰልሰቢልም የቀጠረችኝ ለዚሁ ነው፣ ባሌ ያለበት ቤት ልጅ እግር አላስገባም፣ ዕድሜዋ የገፋ ፈልጉልኝ ብላ። በወረቀት አርባ አንድ ነበርኩ፣ በእውነት ሠላሳ ሦስት። ሻሼን ወደ ግንባሬ አወረድኩ፣ ቀስ ብዬ መራመድ ለመድኩ።

ካይሮ ያሉት ሰዎች ዕጢዬ ውስጥ ድረስ ገብተው የሚሠራውን ከተኛው ለዩ። ዕድሜዬን ግን ከሀሰን ተቀበሉ።

መጋቢት 9፣ ዓርብ

ለማዘንጊያ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። "አንቺ ሃምሳ ሁለት ከሆንሽ እኔ ማቱሳላ ነኝ።" ቀጥላ ግን ፊቷ ተለወጠ።

"እንዳትናገሪ።"

"ለምን?"

"ኢቃማሽ ሰኔ ላይ ያልቃል። የምታሳድስልሽ ማን ናት? ውሸታም ናት ብላ ብታባርርሽስ? ትናንት ሱቁ ጋ የፖሊስ ከሻ ነበር፣ ወረቀት የሌለውን እየለቀሙ በመኪና ጫኑት። ኪሞ ይቅርብሽ ተባልሽ፣ ተመስገን በይ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል እኮ።"

"አንቺ የደበቅሽው ዕድሜሽን ነው።"

እውነቱን ለመናገር ኪሞውን እፈራዋለሁ። ውሸቱ ሲያድነኝ ለምን እጣላዋለሁ?

መጋቢት 13፣ ማክሰኞ

የወር አበባዬ መጣ። የሃምሳ ሁለት ዓመቷ ሴትዮ!

ክኒኑን አንድ ሳምንት ውጫለሁ። ለማን ነው የምውጠው? ለዚያች በወረቀት ላይ ላለችው ሴት። እሷ ደግሞ ዕጢ የላትም።

መጋቢት 15፣ ሐሙስ

ለእህቴ ለሉጥፊያ ደወልኩላት፣ አገር ቤት፣ ሐይቅ ከተማ። መስመሩ አራት ጊዜ ተቆረጠ። በአምስተኛው ልጮህባት ምንም አልቀረኝም፣ ምን አደረገች እሷ? በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለድኩ አልኳት። "ቁጥሩን ማን ያውቃል። ግን በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ መጠለያ ሳለን፣ የፊት ጥርስሽ ወልቆ ነበር። ብስኩቱን በጎን ታኝኪ ነበር" አለችኝ። ጥርስ የሚወልቀው በሰባት ዓመት ነው። ሰባት ከሆንኩ ልክ ነኝ፣ አርባ አራት።

የእኔ ምስክር አንድ የወተት ጥርስ ነው። ለሱዳን መንግሥት አቅርቢው አሉ!

መጋቢት 20፣ ማክሰኞ

ነገርኳቸው።

መኪና ውስጥ ለሲት ሰልሰቢል ብቻ ልነግራት ነበር፣ አፌ አልላቀቅ አለኝ። ዶክተሩ ፊት ተቀምጠን፣ ክኒኑ ተስማማት ወይ ብሎ እሷን ሲጠይቃት፣ ቀደምኳት።

"ዶክተር፣ ዕድሜዬ አርባ አራት ነው።"

ሲት ሰልሰቢል ሳቀች። "ያ ኻልቲ፣ ትኩሳት አለሽ እንዴ?"

"የወር አበባዬም አልቆመም። ባለፈው ሳምንት መጥቷል።" ይህን ስል ወለሉን አላየሁም። እሱን አየሁት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልጠየቁኝም። እሷን ነው የጠየቁት።"

የወር አበባዬ አለመቆሙን ለማረጋገጥ ደም እንድሰጥ አዘዘ፣ ክኒኑን አስቆመ። ሲት ሰልሰቢል እስከ ካፉሪ ነዳች። በሩ ላይ ሞተሩን አጥፍታ ወደ ፊት እያየች፣ "እኔ አርባ ሰባቴ ነው" አለች። ወርዳ ገባች።

መጋቢት 23፣ ዓርብ

ሦስት ቀን ምንም ብላ አልጠራችኝም። ኻልቲ አትል፣ ሬሕማ አትል። "ያ..." ትልና ትተወዋለች። ወንበርም አታመጣም። ወንበሩ ሲቀርብኝ የጨነቀኝን ያህል ሲቀር ደግሞ ከፋኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ኢቃማዬ በእሷ መሳቢያ ውስጥ ነው።

መጋቢት 28፣ ረቡዕ

ብቻዬን በሐፍላ፣ በከተማ አውቶቡስ፣ ሆስፒታል ሄድኩ። ረመዳን ነው፣ ሰዉ በጾም በግፊያ። የደም ምርመራው እኔን ደገፈኝ። "ነጥቡ ያው ሃያ ሁለት ነው። የሕክምናው መንገድ ነው የተለየው" አለ ዶክተር ሙባረክ፣ ለእኔ። ኪሞው ያድናል ብሎ አልማለልኝም። እንደ አንቺ ካሉት ሴቶች ለጥቂቶቹ ይጠቅማል፣ የትኛዋ እንደሆንሽ ግን አላውቅም አለ። ተናደድኩ። ይህን ሁሉ ነግሬ ለምናልባት ነው? ግን እሺ አልኩ። የራሴ ምናልባት ነው።

ሲት ሰልሰቢል የኪሞው ቀን መቼ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ሚያዝያ ስድስት አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፣ ሌላ ነገር የለም።

ሚያዝያ 6፣ ሐሙስ

ሐፍላ እንዳያመልጠኝ በጠዋት ወጣሁ። መኪናው በር ላይ ሞተሩ ተነስቶ ቆሟል። "ያላ፣ ግቢ" አለች ሲት ሰልሰቢል።

ካርዴ ላይ ሃምሳ ሁለት ተሰርዟል፣ ከላዩ አርባ አራት በእስክሪብቶ። ነርሷ ዕድሜ ስትለኝ ራሴ መለስኩ። ድምፄ ወጣ። ኢቃማው ግን ያው ነው። ሰኔ ላይ ምን ተብሎ እንደሚታደስ እንጃ። ጠይቄያትም አላውቅም።

መርፌው ከመሰካቱ በፊት በልተሻል ወይ አለችኝ ነርሷ። ጾመኛ ነኝ አልኩ። ሲት ሰልሰቢል ቦርሳዋን ከፈተች። ዳቦ፣ ተምር፣ የተቀቀለ እንቁላል። የእሷ ከንፈር በጾም ደርቋል።

"በሽተኛ አይጾምም።"

"ዛሬን ብቻ... ከነገ ጀምሮ እበላለሁ።"

እንቁላሉን ልጣ ዘረጋችልኝ። "አሥራ አንድ ዓመት ኻልቲ እያልኩ ታዘዝኩሽ። ሻይ ብቻ ጠጥተሽ አትውጪ ስትይኝ ከበር እየተመለስኩ በላሁ። አሁን ታላቅ እኔ ነኝ። ብዪ፣ ሬሕማ።"

እንቁላሉ ጨው የለውም። በላሁት። ለታላቅ እምቢ አይባልም።