ሆዴ፣ ኑድሉና ማይክራፎኑ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬም የመጽሐፍ ትረካ ቀረጻ። ባልየው በሚሞትበት ገጽ፣ ጸጥ ማለት ባለብኝ ቦታ... ሆዴ ጉርርር። የድምፅ ባለሙያው ማዳመጫውን አወለቀ። (ትንኝ ስትተነፍስ ስለሚሰማ ጆሮ እንለዋለን።) "ሟቹ ሳይርበው አልቀረም" አለኝ። ስፖንጅ በተለበጠች ጠባብ ክፍል ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተቀምጠን የት እገባለሁ?

አለቃችን ግን አልሳቀችም። እስከ መጪው ሳምንት ዓርብ ንጹሕ ቅጂ ካላስረከብኩ መጽሐፉን ለሌላ አንባቢ ልትሰጥ ነው። ይሄን መጽሐፍ? ሞቼ ነው የምሰጠው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

የምግብ ባለሙያ ጋ ሄድኩ። ሎው ፎድማፕ የሚባል አመጋገብ አዘዘችልኝ። ሆድ ውስጥ ገብተው ጋዝ የሚሠሩትን ምግቦች ለጥቂት ሳምንት መተው፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሱ ማየት። ዝርዝሩን ሰጠችኝ... እጥፍ አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

"የኑድል ሾርባስ?" አልኳት። በፈላ ውሃ ሦስት ደቂቃ የሚፈጀውን፣ ምሳዬን ማለቴ ነው።

"በየቀኑ ነው የምትበይው?"

ቦርሳዬን መዝጋት ጀመርኩ።

"ኑድሉ ስንዴ ነው፤ አይሆንሽም።"

ገባኝ። ስንዴውን መተው ነው፣ በቃ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

እኔ እኮ ብልጥ ነኝ! ኑድሉን ለታላቅ እህቴ ሰጥቼ አብሮት የሚመጣውን ቅመም ዱቄት ብቻ በፈላ ውሃ በጥብጬ ጠጣሁ። እንዲያጠግበኝ ሁለት ፓኬት።

"ሚጡ፣ ደህና ነሽ ግን?"

"ስንዴ የለበትም፣ እትዬ።"

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ጉድ ፈላ። ሆዴ ነጎድጓድ። ጆሮ "ጃንጥላ ይዘሻል?" ይለኛል።

ከሥራ ስመለስ እህቴ የፓኬቱን ጀርባ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ጨው፣ የቀይ ሽንኩርት ዱቄት፣ የነጭ ሽንኩርት ዱቄት... ዝርዝሩን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ሁለቱም እላይ ተጽፈዋል። "ለሰው መጽሐፍ የምታነቢ ልጅ ይቺን ማንበብ አቃተሽ?" እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ሆዴም አጀበን።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

የሩዝ ኑድል ገዛሁ። ዱቄቱ እዚህም ሽንኩርት አለበት፤ እሱን ትቼ መረቁን ራሴ ሠራሁ። ዝንጅብል፣ ካሮት፣ እንቁላል፣ ከሽንኩርት ቅጠል ዝርዝሩ የፈቀደውን አረንጓዴውን ብቻ። ነጭ ሽንኩርቱን በዘይት ጠብሼ አወጣሁትና ዘይቱን ጨመርኩ። መዓዛው ለእኔ፣ ሽንኩርቱ ለእህቴ።

ምሳ ሰዓት ላይ ጆሮ ቦርሳዬ ውስጥ የቀረችውን የዱቄት ፓኬት አየ። "ልትጥያት ነው? አምጪያት።" ዳቦው ላይ ነስንሶ በላት። "ካንቺ የመጣ ነገር አይጣልም" አለ።

ምን ማለቱ ነው?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ሁለት ምዕራፍ ቀረጽን። ሆዴ ጭጭ! ጆሮ፣ "አኩርፎሽ ነው?" ዱቄቷንም በየቀኑ ይጠይቀኛል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

የመጨረሻው ገጽ። ሚስትየዋ በሩን ዘጋች፣ ጸጥታ... ጉርርርርር።

አለቃችን በሩን ከፈተች። አለቀልኝ፣ መጽሐፌ ሄደ።

"እኔ ነኝ" አለ ጆሮ፣ ጫማውን እያየ። "በዱቄቷ ምክንያት ነው... ሳምንቱን ሙሉ በላኋት።"

"ለምን?" አለችው አለቃችን።

"እንድታናግረኝ።"

አለቃችን እኔን አየችኝ፣ እሱን አየችው፣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ገጿን ደግመን ቀረጽናት፤ ንጹሕ። መጽሐፉ የእኔ ነው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ነገ ምሳ እኛ ቤት ይመጣል፣ ሾርባዬን ሊቀምስ። ዱቄቶቹን እንድትደብቅልኝ ለእህቴ ነግሬያታለሁ።