የእማ ዲከረንስ ጉቶ

እንጅባራ፣ ኅዳር 12 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ለአሸናፊ፣ ጋምቤላ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ኃጢአቴን ልናዘዝ። እኔ እኅትህ ፀደይ፣ ይህን ወረቀት አያታችን አባባ ሀብቱ እንደ ዓይናቸው ብሌን ከሚጠብቁት የዕድር መዝገብ በችኮላ ገንጥያለሁ። ባዶ ገጽ መስሎኝ ነው፤ አንተ ፍታኝ።

እንደምን ከርመሃል? ሙቀቱ አላቀለጠህም? ወባስ ራቀችህ? እኛ ከብርዱ በቀር ደህና ነን። ነን እላለሁ እንጂ ቅዳሜ ያየሁት ገና አልለቀቀኝም።

ጥር ላይ የእማን ሐውልት ልታቆም ስለምትመጣ፣ ሣሩን ልንቀል ብዬ ማዘጋጃ ቤቱ መቃብር ሄድኩ። ከተማው ሰፍቶ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሲሞላ የተሰጠው ሜዳ ነው። ሽማግሌዎቻችን መጀመሪያ «በቀበሌ መሬት አንቀበርም» ብለው ሁለት ዓመት አኮረፉ። ዛሬ ግን እንደ ሚኒባስ ወንበር ጥሩ ጥሩውን ቦታ ይሻሙበታል።

እማ ስትቀበር አንተ አልደረስክም። አባባ ራስጌዋ የዲከረንስ ችግኝ ተክለው «ድንጋይ ይሰረቃል፣ እንጨት ይበሰብሳል፤ ዛፍ ግን ቆሞ ይጠብቃል» አሉ። ሰው ሁሉ ሰምቶ ያንኑ ተከለ።

ዛፉ የለም፣ አሹ! የእማ ብቻ አይምሰልህ፣ የሁሉም። ጉቶ፣ ጉቶ፣ ጉቶ! እየሮጥኩ መጥቼ ብነግራቸው አባባ እቴ፣ «አምስት ዓመት የሞላው ዲከረንስ ይቆረጣል፤ ለዕድሩ ከሰል አደረግነው» አሉኝ። «ምልክቱስ?» ስላቸው ነው ፊታቸው አመድ የመሰለው። የዕድሩን ሽማግሌዎች አያ መሳፍንትንና አያ ይርሳውን አስከትለው ወጡ፤ ሦስት ሽማግሌ አራት መቃብር አሳዩኝ! በመጨረሻ አባባ መሬት ላይ ቁጭ ብለው «ልጄን በገዛ መጥረቢያዬ አጠፋኋት» እያሉ አለቀሱ። ያኔ ቀልዱ ከአፌ ጠፋ።

ሐውልቱን የት እንደምታቆመው አላውቅም ልልህ ገጹን ብገለብጠው፣ እግዚኦ! በእርሳስ፣ በራሳቸው በአባባ ጽሕፈት፣ «ውዴ ሀብቱ፣ ከላይኛው በር አምስተኛ ረድፍ፣ ሰባተኛ» ይላል። የእማ ስም ከነመቃብሯ! ጽፈው ረስተውታል!

ይህን የምጽፈው ኅዳጉ ላይ ነው። ደብዳቤውን ብልክልህ የእማ መቃብር ጋምቤላ ሊሄድ ነው። ለአባባ ባሳያቸው ደግሞ መገንጠሌንም፣ ያማኋቸውንም ሁሉ ቁጭ ብለው ሊያነቡት ነው። ይሁን፣ ይቆንጥጡኝ፤ ለአንተ በሌላ ወረቀት እገለብጥልሃለሁ። ታናሿ እኅታችን ሃና እየሳመችህ ነው፣ አያ መሳፍንትም አደራ ሰላም በይልኝ ብለው

አባባ የዕድሩን ሳጥን ከፈቱ። መዝገቡን ሲገልጡት ይሰማኛል።

«ፀደይ! አንቺ ፀደይ!»