የዘጋሁት አድራሻ

ቦንጋ፣ የካቲት 9 ቀን 2002 ዓ.ም.

ይድረስ ለድሮ ወዳጄ፣

እንደምን ከረምሽ? ጤናሽስ? እናትሽ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔማ ደህና ነኝ ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰረዝኩት። ደህና አይደለሁም። በወረቀት መጻፌ አይግረምሽ፤ ከእንግዲህ ኢሜይል የሚባል ነገር አላምንም፤ ከሱም ይበልጥ ራሴን አላምንም። ይህን ይዞልኝ የሚመጣው የአውቶቡስ ሾፌር ነው። በእጇ ካልሰጠህ መልሰህ አምጣው ብዬዋለሁ።

ባለፈው ክረምት የቆረጥነው ማር እስከ ዛሬ መጋዘን ተቀምጧል። አንቺ አዲስ አበባ የምትሠሪበት ድርጅት እንደሚወስደው ለንብ አናቢ ማኅበራችን አባላት የማልኩት እኔ ጸሐፊው ነኝ። የሺሺንዳ ነጋዴዎች ሁለት ጊዜ መኪና ይዘው መጡ፤ ሁለቴም መለስናቸው። ሊቀመንበራችን ጋሽ ባፈና በየሳምንቱ መልስ መጣ ወይ ይሉኛል፤ እኔም በየሳምንቱ ቢሻው ኢንተርኔት ቤት ሄጄ፣ ኔትወርክ ስጠብቅ ውዬ፣ ባዶ እጄን እመለሳለሁ። ደውልላቸው እንጂ ሲሉኝ፣ የእንዲህ ያለ ድርጅት ሥራ በጽሑፍ ነው እያልኩ ተኮፈስኩ። እውነቱን ልንገርሽ? ስልኩን የምታነሺው አንቺ እንደሆንሽ ስለማውቅ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ቢሻው እኔን አስነስቶ ወንበሬ ላይ ተቀመጠና ራሱ ፈተሸልኝ። ከእናንተ የተላከ አንድም መልእክት አልጠፋም አለኝ። ሁሉም ደርሷል፤ የደረሰው ግን እኔ ከፍቼ የማላውቀው ሳጥን ውስጥ ነው። ማን ነው አድራሻቸውን የዘጋው ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ምን አውቄ፣ ኮምፒዩተሩ ይሆናል አልኩት። ዋሸሁት።

የዘጋሁት እኔ ነኝ። ከዚህ በሄድሽ በወሩ የጻፍሽልኝን ታስታውሻለሽ? «ለማኅበሩ ጸሐፊ» ብለሽ፣ የማር ናሙና በአስቸኳይ እንዲላክልን በትሕትና እንጠይቃለን ብለሽ፣ ለአለቃሽ ግልባጭ አድርገሽ! ሦስት ዓመት ከአንድ ሳህን ምሳ የበላን ሰዎች! ደሜ ፈላ። ናሙናውን በማግስቱ ላክሁ። ደንበኞቻችንን ከምመዘግብበት ደብተር ግን ስምሽን ደመሰስኩት፤ ኢሜይሉ ላይም አንቺን ብቻ የዘጋሁ መስሎኝ የመሥሪያ ቤታችሁን አድራሻ በሙሉ ዘጋሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔስ የምለቅመውም አላገኘሁ።

ሳጥኑ ውስጥ አሥራ አንድ መልእክት ነበር። አራቱ የአለቃሽ ናቸው። ናሙናውን ወደውታል፣ ማሩን በሙሉ ሊወስዱት ፈልገዋል፣ እስከ ታኅሣሥ ሠላሳ ማረጋገጫ ላኩልን ይላሉ። በመጨረሻው፣ ዝም ስላላችሁን ከሌላ ቦታ እንፈልጋለን ብለዋል። ሰባቱ ያንቺ ናቸው።

ልናገር ብዬ ጋሽ ባፈና ቤት ሄጄ ነበር። ገና አፌን ሳልከፍት፣ ልጄ አንተ እያለህልን ምን እንሆናለን ብለው ማር በቂጣ አጎረሱኝ። ሳልነግራቸው ተመለስኩ። እሑድ ዋጫ ከተማ የማኅበሩ ስብሰባ አለ፤ ስልሳ አባል ፊት ቆሜ መናገሬ አይቀርም።

አፈር ስሆን፣ አለቃሽን ለምኚልኝ! ጥፋቱ የአንድ ሰው ነው፣ የገበሬዎቹ አይደለም በያቸው። ግማሹን እንኳ ይውሰዱ። ከተቆጡም ስሜን ንገሪያቸውና እኔን ይስደቡ። እስከ ቅዳሜ አንድ ነገር አሰሚኝ፣ በስልክም ይሁን። አነሳዋለሁ።

ያንቺን ሰባቱንም አነበብኳቸው። መሃል ላይ ቢሻው ምንም ሳይጠይቀኝ ውኃ አመጣልኝ። ያንን የመጀመሪያውን ደብዳቤ አለቃሽ አጠገብሽ ቆመው እንዳጻፉሽ ከየት ልወቅ? የመጨረሻውን የጻፍሽው ጥር አምስት ቀን ነው። ሽማግሌ እንደተላከ፣ አባትሽ እስከ ጥምቀት መልስሽን እንደሚፈልጉ፣ እኔ ቆዪ ካልኩሽ እንደምትቆዪ ጽፈሻል። አንድ ቃል ብቻ ላክልኝ፣ ዝም ካልክ ግን ይገባኛል ብለሻል።

ዝም አላልኩሽም ነበር። አልደረሰኝም ነበር እንጂ። ይህንን እንድታውቂ ብቻ ነው፣ ለሌላ አይደለም።

ለሠርግሽ ሄዳ የነበረችው አሰለፈች ከአዲስ አበባ ስትመለስ ድግሱ ማማሩን፣ ሰውየውም ጨዋ መሆናቸውን ነግራኛለች። አምላክ ጎጆሽን ያሙቅልሽ፣ ልጅ ታቅፈሽ ለመሳም ያብቃሽ። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

ወንድምሽ