ከማቀዝቀዣ ያልተመለሰው የዑሙልኸይር እንግዴ ልጅ

ለተከበሩ የእርግዝናና የእንግዴ ልጅ ጥናት አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎን ከነባልደረቦችዎ፣ ከነማኅተም ያዥዎ፣ ከነማቀዝቀዣዎ ጭምር እጠይቃለሁ። የማቀዝቀዣውን ጤና ከሰው እኩል መጠየቄ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ፤ የማውቃት ሴት አካል ውስጡ ስላለ ነው። እኛ እዚህ ጭሮ ደህና ነን ማለት ወጉ ነውና፣ ደህና ነን።

እኔ ዘርፈሽዋል እባላለሁ፤ ከደብረ ታቦር ተመድቤ ከመጣሁ ስድስት ዓመት የሆነኝ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ለጥናትዎ አርባ አንድ እናቶችን አግባብቼ ያስፈረምኩ እኔ ነኝ። የምስጋና ወረቀትዎ ላይ ስሜ ተሳስቶ «አቶ ዘርፉ» ተብሎ ቢጻፍም ወረቀቱን በክብር ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

ባለሙያዎችዎ ሲያሠለጥኑን ያሉንን አልረሳሁም። እናት በእርግዝናዋ ወራት ስትራብ፣ ስትጨነቅ፣ ስትታመም የዘረመሉ ፊደል አይለወጥም፤ ነገር ግን በላዩ ላይ ጥቃቅን ምልክቶች ይለጠፋሉ ወይም ይነሳሉ፤ በእነዚያም ምልክቶች አንዳንዱ ዘረመል ይሠራል፣ አንዳንዱ ዝም ይላል፤ እንግዴ ልጁም ያንን ሁሉ ይዞ ይወለዳል አላችሁን። እኔም ለእናቶቹ በቤት መሰልኩላቸው፤ ቤቱ ያው ቤት ነው፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ግን ያሳለፋችሁት ዘመን ይነካካዋል አልኳቸው። ለዚህ አገር ሰው የመብራት መጥፋትን ማስረዳት አያስፈልግምና ወዲያው ገባቸው።

ከእነዚህ እናቶች አንዷ የሚኤሶዋ ዑሙልኸይር ናት። የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘችው ከብቶቹ ያለቁበት፣ ማሽላው በቁመቱ የደረቀበት ዓመት ላይ ነበር። በስምንተኛው ወር የደም ግፊቷ አሻቅቦ እዚህ ጭሮ አመጧትና እኔ አዋለድኳት። ሴት ልጅ ነበረች፤ አንድ ኪሎ ከሰባት መቶ ግራም። በሦስተኛው ቀን ሞተች። ዑሙልኸይር ወረቀታችሁ ላይ የፈረመችው ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት፣ ምጥ ላይ ሳትገባ፣ «ግፊቴ ለምን እንዳሻቀበ ይነግሩኛል አይደል?» ብላኝ፣ እኔም አዎን ብያት ነው። ከዚህ በታች የማቀርባቸው ቅሬታዎች ሁሉ ከዚያች «አዎን» የተነሡ ናቸው።

አንደኛ፤ በመመሪያችሁ መሠረት የሚወሰደው የጥፍር ያህል አራት ቁራጭ ብቻ ሲሆን፣ ቀሪው ለቤተሰብ ተመልሶ በወጉ ይቀበራል። የዚያን ቀን ግን መኪናችሁ ቸኩሎ ስለነበር፣ ሾፌሩም ጥሩንባውን ሳያቋርጥ ስለነፋ፣ ለመቁረጥ ጊዜ ጠፍቶ ሙሉው እንግዴ ልጅ በበረዶ ሣጥን ተጭኖ ሄደ። የርክክቡ ፊርማ የእኔ ነው። ሕፃኗ ገና በሕይወት ነበረችና ማንም አይጠይቀኝም፣ በሳምንቱ ይመለሳል ብዬ ራሴን አታለልኩ። በሦስተኛው ቀን የዑሙልኸይር አማት ፋጤ ለሕፃኗ ከተገዛው ከፈን የተረፈውን ነጭ ጨርቅ ይዘው መጡና እንግዴ ልጁን ጠየቁኝ። በእሳቸው ዘንድ እንግዴ ልጅ ከቤት ጀርባ ባለ ዛፍ ሥር ካልተቀበረ ተከታዩ ልጅ መንገድ ይስታል። ጨርቁን ተቀብዬ በሳምንት አመጣዋለሁ አልኳቸው። ይኸው ዐሥራ አራት ወር ሆነው፤ ጨርቁ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ነው። ፋጤ አደራ በላ ብለው አልሰደቡኝም፤ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ምስጢር አጠባበቃችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ስልክ ስደውል በስም ፈልገን አናገኝም፣ የተሳታፊዎች ስም ለክብራቸው ሲባል ተሰርዟል ተባልኩ። ቁጥሯ ሃያ ሰባት ነው ስል በቁጥር ለመፈለግ ደብዳቤ ያስፈልጋል ተባለ። ደብዳቤ ስጽፍ ማኅተም ይጎድለዋል ተባለ። ማኅተም ሳስመታ የሚመለከተው ሰው ሥልጠና ላይ ነው ተባለ። የሴትዮዋን ምስጢር ከራሷ ከሴትዮዋ ይህን ያህል አጥብቆ የጠበቀላት መሥሪያ ቤት በዕድሜዬ አላየሁም።

ሦስተኛ፤ ውጤት የለም እንዳልል ውጤት አለ። በአንድ ሆቴል አዳራሽ ባዘጋጃችሁት ዐውደ ጥናት እኔም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ፣ የአርባ አንዱን እናቶች ምልክት በነጥብ የሚያሳየውን ሥዕል ግድግዳው ላይ አይቻለሁ። አርባዎቹ ነጥቦች አንድ ላይ ተጠጋግተዋል። ሃያ ሰባት ቁጥር ከሁሉም ርቃ ለብቻዋ ቆማለች። እጄን አውጥቼ ምን ማለት እንደሆነ ብጠይቅ፣ አቅራቢው በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው ብለው አመስግነውኝ ወደ ምሳ አለፍን። ክቡር ሆይ፣ እኔ ሞኝ አይደለሁም፤ አንዲት ነጥብ መድኃኒት እንደማትሆን፣ ጥናቱም የብዙዎችን እንጂ የአንዷን ዕጣ እንደማይናገር አውቃለሁ። ይህንኑ ግን ለዑሙልኸይር የሚነግራት ሰው አጣሁ። አናውቅም ማለትም እኮ መልስ ነው፤ ከእናንተ ሲመጣ ወረቀት ላይ ይጻፋል፣ ከእኔ ሲመጣ ግን ሰበብ ይመስላል።

አራተኛው ቅሬታዬ ቅሬታ አይደለም፣ ልመና ነው።

ዑሙልኸይር እንደገና አርግዛለች። ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ባለፈው ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሚኤሶ ወርጄ ለካኋት፤ ግፊቷ መቶ ስልሳ በአንድ መቶ አምስት ነው፣ እግሯ አብጧል፣ ዓይኔ ብዥ ይላል ትላለች። ይህች ሴት ዛሬውኑ ሆስፒታል መተኛት አለባት፤ ይህን ለማወቅ ዘረመል ማንበብ አያስፈልግም፣ የእኔ የግፊት መለኪያ ይበቃል። እሷ ግን አማቷን አየች፤ አማቷም እኔን አዩኝና በሚችሏት ጥቂት አማርኛ፣ «ያኔ የወሰዳችሁትን አልመለሳችሁም፤ አሁን እሷን ብትወስዱ ትመልሳላችሁ ወይ? ወላሂ አልሰጥም» አሉኝ። ባሏ አብዱላሂ አንገቱን ደፋ። እኔም የግፊት መለኪያዬን ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ እናቶችን ሳግባባ የኖርኩ ሴት ፋጤን አላግባባኋቸውም፤ ምክንያቱም ትክክል ናቸው። ከሆድ የወጣውን የማይመልስ ቤት ሆዱን ራሱን ይመልሳል ብሎ ማን ያምናል?

ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን እጅ ነሥቼ እለምናለሁ። ወይ የተረፈውን እንግዴ ልጅ፣ ወይ ደግሞ ምንም አልተረፈም የሚል፣ ማኅተም ያለው አንድ መስመር። ቀልጦም ከሆነ ቀልጧል በሉ፤ ተጥሎም ከሆነ ተጥሏል በሉ። እውነቱን ይዤ ብሄድ ፋጤ ያለቅሱ ይሆናል እንጂ በሩን አይዘጉብኝም፤ ውሸት የሰለቸው ሰው ለእውነት ቦታ አያጣም። ዝም አይነቅዝም የሚለውን የአባቶች ቃል መሥሪያ ቤትዎ በሚገባ እንደሚያከብር አውቃለሁ፤ ዝም አይነቅዝም ይሆናል፣ ሰው ግን ያልቃል። ከመቼውም ይልቅ ፈርቻለሁ፤ ይህን ለማለት የጨዋ ዐረፍተ ነገር ፈልጌ አጣሁ።

ለእናቶች ጤና በሚያደርጉት ድካም እግዚአብሔር፣ ፋጤም እንደሚሉት አላህ፣ የልፋትዎን ያህል እንዲከፍልዎ፣ ከዚያ ግን አንድም እንዳይጨምርብዎ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የማቀዝቀዣዎ ደጅ ጠኚ፣
የአርባ አንድ እናቶች አደራ ያለባት፣
ዘርፈሽዋል፣ አዋላጅ ነርስ (አቶ ያልሆነችው)
ጭሮ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ከጽሕፈት ቤትዎ በዐሥራ አራት ወር ውስጥ የመጀመሪያው ደብዳቤ ደረሰኝ። ሃያ ሰባት ቁጥር ተሳታፊ እንደገና ማርገዟ መሰማቱን፣ የአንዲት እናት ሁለት እንግዴ ልጆች ለጥናቱ ብርቅ መሆናቸውን ገልጻችሁ፣ የሁለተኛውንም እንድልክ ንጹሕ መያዣ አብራችሁ ልካችኋል። መያዣውን ደብዳቤውን ባመጣው መኪናችሁ ባዶውን መልሼዋለሁ፤ የመጀመሪያውን ለመላክ ዕቃ አጣን እንዳትሉኝ። ፋጤ ከቤታቸው ጀርባ ካለው ዛፍ ሥር የእንግዴ ልጁን ጉድጓድ ቆፍረው ጨርሰዋል፤ አንድ ክንድ ብቻ ናት። ሰው እስክትይዝ እንዳትሰፋ ይርዱን።